የልጄ የወተት ጥርሶች ተበሉ፤ ላስነቅል፣ ላስሞላ ወይስ ልተወው?

ከኮምቦልቻ የደረሰን ደብዳቤ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶቹ ከድዱ በኩል ቡናማ ሆነው መሸራረፍ ጀምረዋል። ከኋላ ደግሞ አንዱ የታችኛው መንጋጋው መሀሉ ተቦርብሯል፤ ምግብ ይገባበታል፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ያለቅሳል። እኔ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምሠራ ልጁን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። ማታ ስኳር ያለው ወተት በጡጦ ካልተሰጠው አይተኛም። እዚሁ አንድ ክሊኒክ ወስጄው ‹አምስቱንም ነቅለን እንገላገል› አሉኝ። ደሴ ወጥቼ ሳሳየው ‹አዲስ አበባ ሄዶ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይሞላለት› ተባልኩ። ሌላ ሀኪም ደግሞ ጥርሱን የሚያጠቁር ግን መበላቱን የሚያቆም መድኃኒት አለ አለችኝ። ባለቤቴ ‹ልጄ ጥርሱ ጠቁሮ!› ብሎ እንቢ አለ። አማቴ ‹የወተት ጥርስ አይደል እንዴ፣ ይወድቅ የለ› ይላሉ። እኔም የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጭንቅላቴ ዞሯል። የቱን ላድርግ? ጥፋቱስ የኔ ነው ወይ?»

እህቴ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ትኩሳት አለው አላልሽም። ፊቱ አብጧል አላልሽም። ሌሊት በሕመም እየነቃ ይጮሃል አላልሽም። እንደዚያ ከሆነ ዛሬ ማታ የምትወስኝው ነገር የለም፣ ተረጋግተሽ ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሪ። ግን «ከወለድኩ በኋላ አየዋለሁ» ብለሽ እንዳታቆዪው። የወተት ጥርስ ሽፋኑ ከአዋቂ ጥርስ ይልቅ ስስ ነው፣ ነርቩም ቅርብ ነው፤ ዛሬ ትንሽ ቀዳዳ የሆነው ከጥቂት ወራት በኋላ ነርቩ ጋ ደርሶ ልታገኚው ትችያለሽ። በሚቀጥሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ሕክምናው ቢጀመር ጥሩ ነው።

የሰጡሽን ምክሮች ሳያቸው አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ሁሉም የልጁን አፍ በጅምላ ነው የሚያዩት። ወይ ሁሉም ይነቀል፣ ወይ ሁሉም ይሞላ፣ ወይ ሁሉም ይተው። እኔ የምልሽ ጥርስ በጥርስ ወስኚ ነው። ለእያንዳንዱ ጥርስ ሦስት ነገር ጠይቂ። ያመዋል ወይ፣ መግልስ ይዟል? በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ስንት ዓመት ይቀረዋል? ልጁስ የትኛውን ሕክምና ሳይሸበር ይችለዋል? ሦስቱን ከመለስሽ ውሳኔው ራሱ እየጠራ ይመጣል።

ከአማትሽ ንግግር ልጀምር። ልክ ናቸው፣ የወተት ጥርስ ይወድቃል። ግን መቼ? ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች አንድ ላይ አይወድቁም። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች የሚወድቁት ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው መንጋጋ ከ9 እስከ 11፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ10 እስከ 12 ዓመት ድረስ ይቆያል። ልጅሽ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ያ የተቦረቦረው መንጋጋ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሦስተኛ አራተኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ የሚያኝክበት ጥርስ ነው። ከሥሩ ቋሚው ጥርስ እየተሠራ ስለሆነ ደግሞ የወተት ጥርሱ መግል ይዞ ሲከርም በሚበቅለው ጥርስ ላይ ነጠብጣብ ወይም ጉድለት ሊያስቀር ይችላል። ሌላም አለ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ጥርሴን አመመኝ» ብሎ አይነግርሽም። ሥጋና ጠንከር ያለ ምግብ እንቢ ይላል፣ በአንድ በኩል ብቻ ያኝካል፣ ጉርሻውን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቆያል፣ ይነጫነጫል። ቤተሰቡ «ምግብ አይወድም» ይለዋል። ስለዚህ «ይወድቃል» ብሎ ዝም ብሎ መተው አይሆንም።

ወደ ጥርሶቹ ከመግባቴ በፊት ግን ይህን ያዢልኝ። ጉንጩ ወይም ከአገጩ ሥር ካበጠ፣ እብጠቱ ወደ ዓይኑ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ካቃተው፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። ሌሊትም ቢሆን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሀረጎን ዳገት ለመውጣት እስኪነጋ አትጠብቂ። ድዱ ላይ ትንሽ መግል የያዘ ብጉር ብታዪ ደግሞ፣ ባያመውም እንኳ፣ ጥርሱ ሥሩ ድረስ ተመርዟል ማለት ነው፤ በማግስቱ ለሀኪም አሳዪው። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ማጠጣት እብጠቱን ለጊዜው ሊያጎድል ይችላል፣ ምንጩ ጥርሱ ስለሆነ ግን ጥርሱ ካልታከመ ወይም ካልተነቀለ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ፊቶቹ አራት ጥርሶች።

እነሱ የተበሉበት ምክንያት አለው። ልጁ ጡጦ እየጠባ ሲተኛ ወተቱ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ከቦ ይቀመጣል። የታችኞቹን ምላሱ ይሸፍናቸዋል፣ ምራቅም ያጥባቸዋል፤ ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ደህና ሆነው የላይኞቹ የሚበሉት። እንቅልፍ ላይ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ጀርሞቹ ሌሊቱን ሙሉ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ደግሞ ጥርሱን ያሟሟዋል። ሰው «ትል በላው» ይላል፣ ትል የለበትም።

እነዚህ አራቱ መግል እስካልያዙና እስካላመሙት ድረስ መንቀል አያስፈልግም ባይ ነኝ። ገና ሁለት ዓመቱ የሆነን ልጅ አራት የፊት ጥርስ በአንዴ መንቀል ለልጁ ትልቅ ድንጋጤ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጭ ጋወን ባየ ቁጥር እየጮኸ ለሌሎቹ ጥርሶቹም ማሳየት ያስቸግርሻል። ለእነሱ እኔ የምመርጠው ያቺ ሀኪም የነገረችሽን ጥቁር መድኃኒት ነው። ስሙ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ይባላል። ብሩ ጀርሙን ይገድላል፣ ፍሎራይዱ የላላውን ጥርስ ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ማንም ተነስቶ የሚሞክረው ነገር አይደለም።

አሠራሩን ልንገርሽ፣ ባለቤትሽም ይስማ። የልጁ ከንፈር ላይ ቫዝሊን ይቀባል። ጥርሱ በጥጥ ይደርቃል። በትንሽዬ ብሩሽ አንድ ጠብታ የተበላው ቦታ ላይ ይቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል። አለቀ። መርፌ የለም፣ የሚሰረስር ማሽን የለም። ጣዕሙ ብረት ብረት ስለሚል ልጁ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል። ከንፈሩን ወይም ቆዳውን ከነካ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ግን አይለቅም፣ አዲስ ልብስ አታልብሽው። ብዙ ጊዜ በየስድስት ወሩ ይደገማል፤ አንድ ጊዜ ተቀብቶ ቢቀር መበላቱ ሊቀጥል ይችላል። ለብር አለርጂ ያለበት ልጅ፣ አፉ የቆሰለ ልጅ፣ ወይም ነርቩ የተጋለጠና መግል የያዘ ጥርስ ላይ አይቀባም።

የሚጠቁረው የተበላው ቦታ ብቻ ነው፣ ጤነኛው ጥርስ ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ግን የተበላው ቦታ መጥቆሩ ቋሚ ነው፤ ይህን ደብቄ አልነግርሽም። የአባትየው ስጋት ይገባኛል። «ጥርሷ ሃጫ በረዶ» እየተባለ በሚዘፈንበት አገር ልጁ ሲስቅ ሰው አይቶ ምን ይላል ማለቱ ያለ ነው። ግን አንድ ነገር አስረጂው። አሁን ምርጫው ነጭና ጥቁር ጥርስ መሀል አይደለም። ጥርሶቹ ቡናማ ሆነዋል፣ እየተሸራረፉም ነው፤ እንዲሁ ከቆዩ ተሰብረው ድድ ላይ ጉቶ ይቀራል። መድኃኒቱ መበላቱን ካቆመው ግን ጥቁሩ ጠንካራና የማያም ሆኖ እስኪወድቅ ሊቆይ ይችላል። ልጁ ከፍ ብሎ ወንበር ላይ መቀመጥ ሲችል ደግሞ በነጭ መሙያ ሊሸፈንለት ይችላል። አባትየው ራሱ ይዞት ቢሄድና ሀኪሟን ፊት ለፊት ቢጠይቃት ይሻላል፤ ካንቺ አፍ ከሚሰማው ይልቅ እዚያው የተቀባ ልጅ ፎቶ ቢያይ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። አይቶም እንቢ ካለ፣ በዚህ ምክንያት ትዳራችሁ ውስጥ ጭቅጭቅ አይግባ፤ ፊቶቹን በነጭ መሙያ ማስሞላት ይቻላል፣ ልጁ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ መተኛት ስለሚኖርበት በዚህ ዕድሜ ከባድ ነው፤ ቶሎ የመርገፍ ዕድሉም ሰፊ ነው።

እግረ መንገድሽን የልጁን የላይ ከንፈር ብድግ አድርጊና በብርሃን እዪ። ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ያለው ሌላ ጥርስ አለ? እሱ ገና አልተቦረቦረም፣ መመለስ ይችላል። ለእሱ ፍሎራይድ ቫርኒሽ የሚባል ቅባት በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ይቀባለታል፤ ጥርስ አያጠቁርም። ከክራንቻዎቹ ጀምረሽ እስከ መጨረሻዎቹ መንጋጋዎች አንድ በአንድ እይለት። አምስት ጥርስ ነው ተብሎ ስድስተኛው ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

መንጋጋው ግን ሌላ ነው። ከአምስቱ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ልታተርፊው የሚገባውም እሱ ነው። ቶሎ ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍት ቦታው ያጋድላሉ። በ6 ዓመቱ የሚበቅለው ትልቁ ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት ይገፋና በኋላ የሚመጣው ጥርስ ቦታ ያጣል፤ ጥርስ መደራረብ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የፊት ጥርስ ሲነቀል የቦታ ችግሩ ይህን ያህል አይደለም። «አምስቱንም ነቅለን» የሚለው ምክር ያልተዋጠልኝ በዚህ ነው፣ መንጋጋውንና የፊቱን እኩል አየ።

ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ ካመመውና ወዲያው ከተወው ነርቩ ሕይወት ሊኖረው ይችላል። ምንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ፣ በተለይ ሌሊት፣ የሚያመው ከሆነ ግን መመረዙ ነርቩ ጋ ደርሷል። ይህን ልዩነት ሀኪሙ በእርግጠኝነት ይጠይቅሻል፤ ከአሁኑ ከአማትሽ ጋር ሆናችሁ አስተውሉት፣ ማታ አብረውት የሚያድሩት እሳቸው ናቸውና ካንቺ የተሻለ ያውቃሉ።

ነርቩ ደህና ከሆነና ቀዳዳው ከላይ ብቻ ከሆነ፣ ማሽን ሳይነካው መሙላት ይቻላል። ሀኪሙ ትንሽ ማንኪያ መሰል የእጅ መሣሪያ ይዞ የበሰበሰውን ለስላሳ ክፍል ይጠርጋል፣ ከዚያ ግላስ አዮኖመር በሚባል መሙያ ይዘጋዋል። መሙያው ራሱ ጥርሱ ላይ ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። ይህ ዘዴ በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ መብራት በሌለበት፣ ማሽን በሌለበት ቦታ እንዲሠራ ታስቦ ነው የመጣው። ለእኛም ከተሞች፣ ለሚፈራ ልጅም ተስማሚ ነው። ቀዳዳው በሁለት ጥርስ መሀል ከገባ ግን ይህ መሙያ ቶሎ ይወልቃል። ያኔ የተሻለው የብረት ክዳን ነው፤ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ አልብሶ እስኪወድቅ ድረስ ያቆየዋል፣ አንዳንዴም ምንም ሳይሰረሰር ተጭኖ ይገባል። በየቦታው አይገኝም፤ «የልጅ የብረት ክዳን ትሠራላችሁ?» ብለሽ በስልክ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ በዚህ ሆድሽ መመላለሱ ይቅርብሽ።

ነርቩ ከተነካ የነርቩን የላይኛውን ክፍል አውጥቶ ጥርሱን ማትረፍ አለ። ሥሩ መግል ከያዘና ጥርሱ ከተነቃነቀ ግን መነቀሉ ትክክል ነው፣ አትቃወሚ። ያኔ «ቦታውን የሚይዝ ነገር ያስፈልገዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። እንደዚህ በልጅነቱ የተነቀለ መንጋጋ ክፍት ቦታው በትንሽ ሽቦ ተይዞ እንዲቆይ ይደረጋል።

ስለ ሙሉ ማደንዘዣውስ? ደሴ የነገሩሽ ሰዎች ክፉ ምክር አልሰጡሽም። አሥር አሥራ ሁለት ጥርሱ የተበላ፣ ብዙው ነርቩ የተነካ ልጅ ቢሆን እኔም ይህንኑ እልሽ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠናቀቃል፣ ልጁም አያስታውሰውም። ግን የማደንዘዣ ባለሙያና የልጆች መከታተያ ባለበት ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከሦስት ሰዓት በላይ የቆየ ወይም የተደጋገመ ማደንዘዣ በአእምሮ እድገታቸው ላይ ተጽዕኖ ሊያደርግ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ አጭርና አንድ ጊዜ ብቻ የሆነውን አላወገዘም። ያንቺ ልጅ አምስት ጥርስ ነው፣ እብጠትም የለውም። ስለዚህ የፊቶቹ በመድኃኒት ቢቆሙ፣ መንጋጋው በእጅ መሣሪያ ቢሞከር፣ የአዲስ አበባው ረጅም መንገድ ላያስፈልገው ይችላል። ሙከራው ካልተሳካም እያደገ ስለሚሄድ ምንም አልከሰርሽም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጡጦው ከቆመ ነው። ሌሊት ስኳር ያለው ጡጦ እየተሰጠው ጥርስ ማስሞላት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው። በአንድ ሌሊት አትንጠቂው፣ ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል፣ አማትሽም ሰግተው ይመልሱለታል። መጀመሪያ ስኳሩን ቀንሺ፣ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ጨርሶ ይቅር። ከዚያ ወተቱን በየማታው በውሃ ማቅጠን ነው፣ በስተመጨረሻ ጡጦው ውስጥ ውሃ ብቻ ይቀራል። ብዙ ልጅ ያኔ ራሱ ይተወዋል። ወተቱን ከመተኛቱ በፊት፣ ተቀምጦ፣ በስኒ ወይም በኩባያ ይጠጣ፤ ከዚያ ጥርሱ ይጸዳ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ። ሁለት ሦስት ከባድ ሌሊት ይኖራል። የማታ ፈረቃ በሌለብሽ ሳምንት ጀምሪው፣ ለቅሶውን ለአማትሽ ብቻቸውን አትተዪባቸው።

የቀኑም ነገር አለ። ዋናው ጥያቄ ስንት ጊዜ ይቀምሳል የሚለው ነው፤ አንዴ በልቶ የተወው ጣፋጭ በየሰዓቱ ከሚቀመሰው ይሻላል። በእኛ በወሎ ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ልጅ አጠገብ ተቀምጦ በየስኒው ስኳር ያለው ቡና ውስጥ ዳቦ እየነከረ ይበላል፣ ዱዓ ሲደረግ ከረሜላ ይታደላል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ልጁን ከዚያ አታውጪው። ድርሻው ግን ስኳር የሌለው ለስላሳ ዳቦ ይሁን፣ የሚነክርበትም ስኳር አይኑረው፤ ፋንዲሻና ቆሎ በዚህ ዕድሜ ሊያንቁት ስለሚችሉ ይቅሩበት። ከረሜላውን ለምግብ ሰዓት አቆዪለት።

አማትሽን አትውቀሻቸው። በእሳቸው ዘመን ስኳር እንደ ልብ አልነበረም፣ ልጅ ጥርሱ በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል አይበላም ነበር፣ «ይወድቅ የለ» ማለታቸው ካዩት ተነስተው ነው። ሀኪም ቤት ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ። ካንቺ ከሚሰሙት ይልቅ ሀኪሙ «እናቴ፣ ማታ ጡጦ ይቅርበት» ሲላቸው የሚቀበሉት ይመስለኛል። የማታውን ጥርስ ማጽዳት ደግሞ ለእሳቸው ስጪ፣ ኃላፊነቱ የሳቸው ይሁን። ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ላልሽውም መልሴ እዚሁ ነው፦ ሠርተሽ የምታሳድጊ እናት ነሽ፣ ማንም ቀድሞ አልነገረሽም። ካወቅሽ ወዲህ የምታደርጊው ነው የሚቆጠረው።

አጸዳዱ ቀላል ነው። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ጭናቸው ላይ ጋደም ይበል፣ ፊቱ ወደ ላይ። በአንድ እጅ ከንፈሩን ገለጥ፣ በሌላው ለስላሳ የልጅ ብሩሽ። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን፣ ካርቶኑ ላይ 1000 ፒፒኤም ገደማ የሚል እዪ። መጠኑ የሩዝ ፍሬ ታህል ነው፤ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ የአተር ፍሬ ታህል። በቀን ሁለቴ፣ የማታው በምንም አይታለፍ። በውሃ አታጉመጥምጡት፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረግ። መፋቂያ ለአማትሽ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ልጅ ግን ብሩሽ ይሁን።

«ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል» የሚል ሰው ሊገጥምሽ ይችላል። ወንጂ ወይም ሌላ ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ መሆኑን አይቶ ነው። እዚያ ችግሩ ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ እጅግ መብዛቱና ልጆች በየቀኑ መጠጣታቸው ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ያን አታደርግም። ቤተሰባችሁ በዚያ አካባቢ ኖሮ ከሆነ ግን ለሀኪሙ ንገሪ።

እስከዚያ ካመመው ፓራሲታሞል ሽሮፕ በኪሎው ልክ ስጪው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ፣ በየመሀሉ ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆይ። ልኩን ፋርማሲስቱ ይስፈርልሽ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፣ ድዱ ላይም አይደረግም፣ ያቃጥለዋል። የቅርንፉድ ዘይትም እንዲሁ። ማደንዘዣ ያለው የድድ ጄል ለትንሽ ልጅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። «ትሉን በጭስ አወጣለሁ» የሚል፣ «ግግ ነው ላውጣለት» የሚል ሰው ቢመጣ በምንም ዓይነት እንዳትሰጪ፤ በዚህ ደም የፈሰሳቸውና የተመረዙ ሕፃናት አሉ።

ሀኪም ቤት የምትሄጂበት ቀን ጠዋት ይሁን፣ ተኝቶ የነቃ፣ በልቶ የጠገበ ልጅ። ከመንገድ በፊት «ካስቸገርክ መርፌ ትወጋለህ» የሚባለው ነገር ቤታችሁ ውስጥ ይቅር፤ ልጁ መርፌውን ከዚያ ነው የሚማረው። «ዶክተሯ ጥርስህን ትቆጥራለች» በዪው፣ ሌላ አትጨምሪ። ምርመራው ላይ አባቱ ወይም አማትሽ ከሀኪሙ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጡ፣ የልጁ ጭንቅላት ሀኪሙ ጭን ላይ ይረፍ፤ ልጁ የሚወደውን ሰው ፊት እያየ ነው የሚታየው። አራት ሰው እጅና እግሩን ይዞ እንዲነቅልለት አትፍቀጂ። ራጅ ይነሳ ከተባለ ልጁን አንቺ አትያዥው፣ ነፍሰ ጡር ነሽ፤ አባቱ ይግባ።

እና አንቺስ? የተበላ ጥርስ ካለሽ አሁን አሳዪ። እርግዝና ጥርስ ለመታከም አይከለክልም፣ ይህ አሁን ያለሽበት መካከለኛው ጊዜ ደግሞ ለመቀመጥም ለመተኛትም የሚመቸው ነው። ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጪ ስንት ወርሽ እንደሆነና የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ንገሪያቸው፤ ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ የሚሠራውን የሕፃኑን ጥርስ ያበላሻል። የምትታከሚው ለራስሽ ብቻ አይደለም፤ ጥርስ የሚበሉት ጀርሞች ከእናት ወደ ልጅ በምራቅ ይተላለፋሉ። ሲወለድ በአንድ ማንኪያ እየቀመሳችሁ አታጉርሱት፣ የወደቀ ጡጦም በአፍ ተልሶ አይሰጠው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል፣ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወሩ አካባቢ ነው፣ ብሩሹ ያኔ ይጀመር። አንድ ዓመት ሳይሞላውም አንድ ጊዜ የጥርስ ሀኪም ይየው፣ የሚነቀልም የሚሞላም ነገር ሳይኖረው።